ዓርማ፣ ሰንደቅ፣ ዓላማ፦ የጦርነት ሥዕሎችን ስለ መግለጽ

በጦርነት ሥዕል ላይ የሚታዩት ጨርቆችና ጋሻዎች በትክክለኛ ስማቸው ካልተጠሩ ስሕተቱ የጦርነቱን ማንነት እስከ ማዛባት ይደርሳል። ፓውሎ ኡቼሎ የተባለው የፍሎሬንስ ሠዓሊ በ1432 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የሳን ሮማኖን ጦርነት ሥሏል። ከሥዕሎቹ አንዱን የለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ማሳያ በ1857 እ.ኤ.አ. ሲገዛው የ1416 እ.ኤ.አ. ሌላ ጦርነት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ስሙ የተቃናው በዓላማው ላይ ያለው «የሰሎሞን ቋጠሮ» የጦር አዛዡ የኒኮሎ ዳ ቶሌንቲኖ መለያ መሆኑ ሲታወቅ ነው። (ስሙ ለእኛ አንባቢ ሌላ ነገር ቢያስታውሰውም የጥልፍልፍ ጌጥ ስም ብቻ ነው።)

ይህን ቋጠሮ «ዓርማ» እንበለውን? ዛሬ ዓርማ የመንግሥትም፣ የድርጅትም፣ የስፖርት ክለብም ምልክት ነው። በአውሮፓ መሳፍንት ዘንድ ግን በጋሻ ቅርጽ የሚሣለውና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምልክት አንድ ሰው ለራሱ ከመረጠው ምልክት የተለየ ነው። ስለዚህ «ዓርማ» ለሚወረሰው፣ «መለያ» ለግሉ ቢመደብ ይበጃል።

«ሰንደቅ ዓላማ» በተለምዶ ሲፈታ ሰንደቅ መስቀያው ዘንግ፣ ዓላማ ጨርቁ ነው። ሥዕል ለሚገልጽ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ሀብት ነው፤ «ሰንደቁ ተሰብሮ ዓላማው ያልወደቀ» ለማለት ሌላ ቃል አያሻውም። ኦሮምኛ ግን ሰንደቅ ዓላማን በአንድ ቃል «አላባ» ስለሚል ከዚያ የሚተረጉም ሰው የትኛው እንደ ተፈለገ ከሥዕሉ ማየት አለበት። «ባንዲራ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የአድዋን ድል አድራጊ ዓላማ በተሸናፊው ቃል መጥራት ፈገግ ቢያሰኝም ቃሉ በሕዝቡ አፍ ስለ ተዋሐደ የሚነቀል አይደለም።

በ1888 ዓ.ም. የተደረገውን የአድዋን ጦርነት የሚያሳዩት የአገራችን ሥዕሎች ወገንን የሚለዩት በዓላማ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያውያኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን፣ በጎናቸው ይሣላሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከላይ በፈረሱ ይታያል። አረንጓዴና ቀይ በሁለቱም ወገን ዓላማ ላይ ስላሉ ለዓይን የሚለያቸው የመካከሉ ቢጫና ነጭ ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ በጣሊያን ዓላማ መካከል የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ዓርማ፣ ማለትም በቀይ ጋሻ ላይ ነጭ መስቀል፣ ነበረበት። ሠዓሊው ይህን ሥሎት እንደ ሆነ «መስቀል ያለበት ዓላማ» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፤ ቅዱሱ ባለበት ሥዕል አንባቢው መስቀሉን ለኢትዮጵያውያኑ ይሰጠዋልና። «የሳቮያ ቤት ዓርማ ያለበት የጣሊያን ዓላማ» ሊባል ይገባል።

የእኛን ጎፈር፣ ለምድና በብር ያጌጠ ጋሻ ደግሞ በአውሮፓውያኑ የዓርማ ቃላት መተርጐም አይገባም። የሚናገሩት ስለ ባለቤቱ ማዕረግና ጀግንነት እንጂ ስለ ዘሩ አይደለም። ወደ ውጭ ቋንቋ ሲሻገሩ ስማቸው እንዳለ ተጽፎ ፍቺው ቢከተል ይሻላል።