እውነት ወይስ ተረት? የልጅ አንጎል መቼ ይጀመራል?

«አንጎል የሚሠራው ሆድ ሲገፋ ነው፤ የፎሊክ አሲድ ክኒኑም ያኔ ይደርሳል።» ተረት ነው፤ ከሁሉም የሚጎዳው ደግሞ ይኸኛው ነው።

በተፀነሰ በሦስተኛው ሳምንት በሽሉ ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ የሕዋሳት ንጣፍ ይታያል። ጠርዞቹ ተነሥተው እንደ ሰሌን ይጠቀለሉና ቱቦ ይሆናሉ። የራስጌው ቀዳዳ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የግርጌው ጥቂት ቀን ቆይቶ ይዘጋል። በራስጌው በኩል ከሚያብጡት ሦስት ክፍሎች የመጀመሪያው የፊት አንጎል ነው። በአምስተኛው ሳምንት እሱም ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ግራና ቀኝ ሰፍቶ የምናስብበትና የምንናገርበት ይሆናል፣ ሌላው ረሃብን፣ ጥምንና የሰውነት ሙቀትን የሚቆጣጠረውን ይሠራል። የዓይናችን ብርሃን ተቀባይ ሽፋንም ከዚሁ የወጣ የአንጎል ቁራጭ ነው፤ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

በ25ኛው ቀን እናትየው የት ናት? የወር አበባዋ አሥር ቀን ያህል ዘግይቷል፣ ምናልባት ገና አልጠረጠረችም። ራስጌው ሳይዘጋ ከቀረ የራስ ቅሉ አይሠራም፤ ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል ወይም ብዙ ሳይቆይ ያርፋል።

«ቡዳ በልቷት ነው፣ ግርዶሽ አይታ ነው።» ተረት። ዘር፣ የስኳር ሕመም፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የፎሌት (ፎሊክ አሲድ የሚተካው ቫይታሚን) እጥረት ድርሻ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነሣ ከባድ ትኩሳትም አደጋውን ይጨምራል፤ እንደ ሳንጃ ባለ የወባ ቆላ አጎበር ለእናት ብቻ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

«ምስርና ጎመን ይበቃል።» ግማሽ እውነት። ፎሌት አላቸው፣ ረጅም ጊዜ ሲቀቀሉ ግን ብዙው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የሰባት አገሮች ጥናት፣ ከዚህ ቀደም ይህ ቱቦ ያልተዘጋለት ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ውስጥ መጨመሩ መልካም ነው፤ የራሱን ማሽላ በሰፈር ወፍጮ አስፈጭቶ እንጀራ ለሚጋግር ቤት ግን አይደርስም።

«ክኒኑ ልጁን ያገዝፍና ምጥ ያከብዳል» የሚለውም ተረት ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከመፀነስ አንድ ወር አስቀድሞ ተጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ይወሰዳል። ቀድሞ ቱቦው ያልተዘጋለት ልጅ የወለደች እናት ግን አሥር እጥፍ ያስፈልጋታል፤ እሱን ሐኪም ያዝላታል።