ድመቷ ጆሮዋን ስታክ

ካርቲየ 2 ግቢያችን ያለችው፣ አይጥ የምትጠብቅልን ድመት ሰሞኑን ራሷን እያራገፈች ጆሮዋን እስኪደማ አከከች። ከመሃላችን «ላምባ ጠብ እናድርግላት» ያለ አልጠፋም፤ ደግነቱ ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ላምባው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊያደነቁራት ይችላል።

ገልጠን ብናይ የቡና አተላ የመሰለ ቆሻሻ ሞልቶታል። ይህ በድመት አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ተባይ ነው። መግል፣ ክፉ ሽታ ወይም የአንገት መጣመም ካለ ግን ነገሩ ከበድ ይላልና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ተባዩ ከእንቁላል ተነስቶ እስኪጎለምስ 3 ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ «ተሻላት» ብሎ መድኃኒቱን በሁለተኛው ቀን ማቆም ዋጋ የለውም። አብረዋት የሚያድሩ ድመቶችና ውሾችም ይታከሙ።

አሊ አዴና ሆልሆል ያላችሁ፣ ለፍየል የተገዛውን አይቨርሜክቲን ለውሻ በግምት እንዳትሰጡ፤ ሊገድለው ይችላል። ጆሮዋ ሲታይም ልጆች አይያዟት፤ ያመመው እንስሳ ይናከሳል። ከነከሰች ቁስሉን ወዲያው 15 ደቂቃ በውሃና ሳሙና እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ።