አምፕሊፋየርን ከስፒከር ጋር ማጣጣም፦ ከዋቱ ቁጥር ጀርባ ያለው ፊዚክስ

በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መሸጫ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ሁለት አምፕሊፋየሮችን እናስብ። አንደኛው ትንሽና ቀላል ሲሆን፣ በፊቱ ላይ «1000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፎበታል። ሁለተኛው ያገለገለና ሲያነሡት የሚከብድ ነው፤ በጀርባው ላይ የሚነበበውም «2 × 40 ዋት፣ 8 ኦም» የሚል ብቻ ነው። ገዢው በቁጥር ከፈረደ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ በፊዚክስ ከፈረደ ግን ሁለተኛው ሊያመዝን ይችላል። የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከትለው ጉዳት የአምፕሊፋየሩን ዋጋ ማባከን ብቻ አይደለም። ከአቅሙ በላይ የተገፋ አምፕሊፋየር ደህናውን ስፒከር በአንድ ምሽት ሊያቃጥል ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በቤት ውስጥ ሙዚቃን በጥራት ለማዳመጥ የሚያገለግል አምፕሊፋየር ለስፒከሩ የሚስማማ መሆን አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅ ያብራራል። ለዚህም ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የምናውቃቸው የኦም ሕግና የኢነርጂ አለመጥፋት ሕግ በቂ መነሻ ይሆናሉ። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፤ ምርጫው የሚጀምረው ከአምፕሊፋየሩ ሳይሆን ከስፒከሩና ከክፍሉ ነው።

የሁለቱ መሣሪያዎች የሥራ ክፍፍል

ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሲግናል እስከ 2 ቮልት ያህል ሊደርስ ቢችልም፣ ማጫወቻው ስፒከርን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ጅረት ማቅረብ አይችልም። ይህን ክፍተት የሚሞላው አምፕሊፋየሩ ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለት ተግባራትን ያከናውናል። የመጀመሪያው ከተለያዩ የሲግናል ምንጮች አንዱን መምረጥና የድምፁን መጠን መቆጣጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ለስፒከሩ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅና ጅረት ማቅረብ ነው። ሁለቱ ተግባራት በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጠቃለው ሲገኙ መሣሪያው ኢንቴግሬትድ አምፕሊፋየር ይባላል።

ስፒከሩ በበኩሉ የኤሌክትሪክ ኃይልን ወደ አየር ንዝረት ይለውጣል። በማግኔት መስክ ውስጥ የተቀመጠ ጥቅል ሽቦ ጅረት ሲያልፍበት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ስስ ገበታም አየሩን ይገፋል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረቡት ይህ ንድፍ በመሠረቱ እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ስፒከሮች ውስጥ ይሠራል። ሆኖም እጅግ አባካኝ አሠራር ነው። ለተለመደ የቤት ስፒከር ከሚሰጠው ኃይል ውስጥ ወደ ድምፅ የሚለወጠው ከመቶ አንድ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የቀረው በጥቅል ሽቦው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ስፒከርን የሚያቃጥለውም ይኸው ሙቀት ነው።

የዋት ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር የሚለካበት ሁሉም የተስማማበት ዘዴ የለም። በመሆኑም የአንዱን አምራች ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ለምርጫ የሚጠቅመው አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ ሊሰጠው የሚችለው ኃይል ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ «አርኤምኤስ» ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተጋነኑ የዋት ማስታወቂያዎችን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1974 ደንብ አውጥቷል። በ2024 በተሻሻለው ደንብ ደግሞ የኃይሉ መጠን በ8 ኦም ጭነት፣ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ባለው የድግግሞሽ ክልልና የሲግናሉ መዛባት ከ1 በመቶ በታች ሆኖ እንዲለካ ተወስኗል። ስንት ኦም፣ በየትኛው የድግግሞሽ ክልል፣ በምን ያህል መዛባት የሚሉት ጥያቄዎች ያልተመለሱለት የዋት ቁጥር ግማሽ መረጃ ብቻ ነው።

መመሪያ መጽሐፍ በማይገኝበት ጊዜ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። በመሣሪያው ጀርባ ከመስመር የሚወስደው ኃይል ይጻፋል። ከመስመር 60 ዋት ብቻ የሚወስድ አምፕሊፋየር ለስፒከሮቹ ያለማቋረጥ 1000 ዋት ሊሰጥ አይችልም፤ ኢነርጂ ከምንም አይፈጠርምና።

የስፒከሩ ምላሽ በዴሲቤል

ሁለት ስፒከሮች እኩል 1 ዋት ቢሰጣቸው እኩል ድምፅ አያወጡም። ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያወጣው የድምፅ መጠን ሴንሲቲቪቲ ይባላል፤ የሚለካውም በዴሲቤል ነው። ኃይሉ ሁለት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል፣ አራት እጥፍ ሲሆን በ6፣ አሥር እጥፍ ሲሆን ደግሞ በ10 ዴሲቤል ይጨምራል። ለጆሯችን ድምፁ ሁለት እጥፍ የጨመረ መስሎ የሚሰማን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ከ40 ዋት ወደ 80 ዋት ለመሸጋገር የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም የሚሰማ እንጂ የሚያስገርም ልዩነት አይደለም።

አሁን ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። አድማጩ ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። የሙዚቃው አማካይ መጠን 80 ዴሲቤል ቢሆን፣ ከበሮ ሲመታ ወይም ኦርኬስትራው ሲነሣ ለቅጽበት በ15 ዴሲቤል ከፍ ብሎ 95 ሊደርስ ይችላል። በሜዳ ላይ ቢሆን ድምፁ በ3 ሜትር ርቀት 9.5 ዴሲቤል ይቀንስ ነበር። በክፍል ውስጥ ግን የሁለተኛው ስፒከር ድምፅና ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ከዚህ ላይ ከፊሉን ይተካሉ። ኪሳራውን በግምት 4 ዴሲቤል ብንወስድ፣ እያንዳንዱ ስፒከር በ1 ሜትር ላይ 99 ዴሲቤል ማውጣት ይኖርበታል።

የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ 89 ከሆነ የሚጎድለው 10 ዴሲቤል ነው፤ ስለዚህ 10 ዋት ይበቃል። 83 ከሆነ የሚጎድለው 16 ዴሲቤል ነው። ይህም 10 ሲደመር 6 ስለሆነ ኃይሉ 10 ጊዜ 4፣ ማለትም 40 ዋት መሆን አለበት። 104 ለሆነ ስፒከር ደግሞ የአንድ ዋት ሲሶ ያህል ይበቃል።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከእውነታው የራቁ አይደሉም። ቢቢሲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጠባብ የስርጭት መኪናዎች ያዘጋጀው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለው ትንሽ ስፒከር በዝቅተኛ ሴንሲቲቪቲው ይታወቃል። ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ የነደፈውና በክፍል ማዕዘን የሚቀመጠው ትልቁ ክሊፕሽሆርን ደግሞ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል። ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ወፍራም ድምፅና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ ሦስቱም በአንድነት አይገኙም። መጠኑን ያሳነሰ ገዢ የቀነሰውን በዋት መክፈል ይኖርበታል።

ኦም፦ የጅረቱ ጥያቄ

ሁለተኛው የስፒከር ባሕርይ ኢምፔዳንስ ነው። በስፒከሩ ጀርባ የሚጻፈው 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ስያሜ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ኢምፔዳንስ ከድግግሞሽ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት በሚያወጣበት ጊዜ፣ በኦም ሕግ መሠረት በ8 ኦም ስፒከር ውስጥ 2.5 አምፔር ያልፋል፤ ኃይሉም 50 ዋት ይሆናል። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ግን ጅረቱ ወደ 5 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 100 ዋት ያድጋል። ይህ ጥቅም የሚመስለው አምፕሊፋየሩ ያን ጅረት ማቅረብ ከቻለ ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩና ትራንዚስተሮቹ ደካሞች ከሆኑ መሣሪያው ይግላል፣ ፊውዝ ይበጥሳል ወይም ይቃጠላል።

በዚህ ምክንያት የ8 ኦምና የ4 ኦም ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በ8 ኦም 50፣ በ4 ኦም ደግሞ 80 ዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ አምፕሊፋየር የጅረት አቅም አለው። መመሪያው ከ6 ኦም በታች ያለ ስፒከር እንዳይገናኝ ካስጠነቀቀ ማስጠንቀቂያውን ማክበር ይገባል። ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች በአንድ ቻናል ላይ በጎንዮሽ ሲገናኙ ጭነቱ 4 ኦም እንደሚሆንም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ናድ 3020 በ8 ኦም 20 ዋት ብቻ ተብሎ ቢመዘገብም፣ አስቸጋሪ ስፒከሮችን በማንቀሳቀስ ዝናን ያተረፈው ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ኃይልና ጅረት ማቅረብ ስለሚችል ነበር።

ትንሹ አምፕሊፋየር ትልቁን ስፒከር እንዴት ያቃጥላል?

ብዙ ሰዎች አነስተኛ አምፕሊፋየር ለስፒከር ደህንነት ይሻላል ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ አምፕሊፋየር ከውስጡ የኃይል ምንጭ ቮልቴጅ በላይ ማውጣት አይችልም። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ይህም ክሊፒንግ ይባላል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ በመጀመሪያው ሙዚቃ ውስጥ ያልነበሩ ከፍተኛ ድግግሞሾችን ይፈጥራል። ከዚህም በላይ፣ ወፍራሙ ድምፅ ጣሪያው ላይ ደርሶ በቆመበት ጊዜ ቀጭኑ ድምፅ ቮልዩሙ በተጨመረ ቁጥር ማደጉን ይቀጥላል። የዚህ ሁሉ ተቀባይ ትዊተሩ፣ ማለትም ለቀጭን ድምፅ የተሠራው ትንሹ ክፍል ነው። ሽቦው ስስ በመሆኑ ያለማቋረጥ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ በድግስ ላይ ያለ ዕረፍት የሚጮኽ የ20 ዋት አምፕሊፋየር «100 ዋት» የተጻፈበትን ስፒከር ትዊተር ሊያበላሽ ይችላል። ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ አምፕሊፋየርም ያለ ጥንቃቄ ከተከፈተ እንዲሁ ያደርጋል።

የቮልዩም መቆጣጠሪያው መጨረሻው ላይ አለመድረሱም ማረጋገጫ አይሆንም። ብዙ አምፕሊፋየሮች ከ0.5 ቮልት ባነሰ ሲግናል ሙሉ ኃይላቸውን ስለሚያወጡ፣ ከሲዲ ማጫወቻ ጋር ሲገናኙ ቮልዩሙ ገና መካከል ላይ ሳለ አቅማቸው ሊያልቅ ይችላል። መለያው ጆሮ ነው፤ ድምፁ ሻካራና የሚያሰለች ሲሆን መቀነስ ያስፈልጋል።

ያገለገለ መሣሪያ ለሚገዙ

ጥሩ አምፕሊፋየር ለረጅም ዘመን ስለሚያገለግል ያገለገለ መግዛት ለተማሪ አዋጪ ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮች አስቀድመው መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120፣ የጃፓን ደግሞ 100 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አምፕሊፋየር የቮልቴጅ መምረጫ ከሌለው ያለ ተስማሚ ትራንስፎርመር በቀጥታ መሰካት የለበትም። ሁለተኛ፣ ስፒከር ከመገናኘቱ በፊት በመልቲሜትር የአምፕሊፋየሩ ውጤት ይለካ። ያለ ሲግናል የሚታየው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ከጥቂት ሚሊቮልት እስከ 50 ሚሊቮልት ቢሆን ደህና ነው፤ በቮልት የሚቆጠር ከሆነ ግን መሣሪያው ጥገና ይሻል። ሦስተኛ፣ የስፒከሩ ሽቦ በመልቲሜትር ሲለካ ለ8 ኦም ስያሜ 6 ኦም ገደማ ማሳየቱ ትክክል ነው፤ ምንም ንባብ ካልታየ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ከውስጥ ተላቋል ማለት ነው።

በአጠቃላይ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲና ኦም ማወቅ፣ ቀጥሎ የመቀመጫውን ርቀት መለካት፣ ከዚያም የሚያስፈልገውን ኃይል አስልቶ እጥፉን ያህል ለመጠባበቂያ መያዝ፣ በመጨረሻም ያን ኃይል በስፒከሩ ኦም ያለማቋረጥ የሚሰጥ አምፕሊፋየር መፈለግ ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ከላይ የተጠቀሰው ባለ 40 ዋት አሮጌ አምፕሊፋየር 89 ዴሲቤል ለሚሰጥ ስፒከር ከሚፈለገው አራት እጥፍ አቅም አለው። ገንዘቡ ከተረፈ ደግሞ የድምፁን ጥራት በይበልጥ የሚወስነው የተሻለ ስፒከር እንጂ ተጨማሪ ዋት አይደለም።