ተመራጩና ማኅበሩ፤ ከኤድዋርድ ሮይባል የሕዝብ አገልግሎት የሚገኝ ትምህርት

የሕዝብ ተመራጭ ነኝ የሚል ሁሉ የሕዝብ አገልጋይ እንዳልሆነ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ከረጅም ልምዱ ያውቃል። በምርጫ ሰሞን ከደጃፍ ደጃፍ እየዞረ እጅ የሚነሣ፣ ወንበሩ ላይ ከተደላደለ በኋላ ግን መራጩን ደጅ የሚያስጠና ባለሥልጣን በየአገሩ ሞልቷል። ስለዚህም መጠየቅ ያለበት «ማን ተመረጠ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ማን አስመረጠው? ከተመረጠስ በኋላ ተጠያቂነቱ ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቃል።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር በዛሬው ጽሑፋችን ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እናነሣለን። ታሪኩ በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ከ1949 እስከ 1962 ያገለገለው የኤድዋርድ ሮይባል ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዓላማችን አንድን ግለሰብ ማወደስ አይደለም። በሰፈር ማኅበርና በሰፈር ተመራጭ መካከል ሊኖር የሚገባው ግንኙነት ምን እንደሚመስል ከተጨባጭ ታሪክ ማሳየት ነው።

በገዛ ከተማው ባይተዋር የሆነ ሕዝብ

ሎስ አንጀለስ በ1781 በስፔን አገዛዝ ዘመን የተቆረቆረች፣ ኋላም የሜክሲኮ ግዛት የነበረች ከተማ ናት። ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ሰፊ ግዛቷን ለዩናይትድ ስቴትስ ያስረከበችው በ1848 ነው። ከዚያ ወዲህ ስፓኒሽ ተናጋሪው ሕዝብ በአያት ቅድመ አያቶቹ ከተማ እንደ መጤ ይቆጠር ጀመር። ከ1881 በኋላ ለ68 ዓመታት ከዚህ ሕዝብ መካከል አንድም ሰው በከተማው ምክር ቤት ወንበር አልተቀመጠም።

ምክር ቤቱ ይህን ሕዝብ ባያውቀውም የካፒታሊስቱ ሥራ መሪ ግን በሚገባ ያውቀው ነበር። ሐዲድ የሚዘረጋው፣ ብርቱካን የሚለቅመው፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚውለው እርሱ ነበርና። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ጉልበቱ የማይፈለግ ሲሆን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ተወላጆች በማስገደድና በማስፈራራት ወደ ሜክሲኮ ተሸኙ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ሲፈለግ የሚጠራ፣ ሳይፈለግ የሚባረር ጉልበት ማለት ይህ ነው።

ሮይባል በ1916 በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። በ1922 በተነሣው የባቡር ሠራተኞች አድማ ሳቢያ ከሥራ ውጭ በመሆናቸው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሰደደ፤ ቦይል ሃይትስ በተባለው የምሥራቁ ሰፈርም ኑሮውን መሠረተ። ቦይል ሃይትስ የሜክሲኮ ተወላጆች፣ አይሁዶች፣ ጃፓናውያንና ጥቁሮች በአንድነት የሚኖሩበት የሠራተኞች ሰፈር ነበር።

ወጣቱ ሮይባል በ1934 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ከጊዜ በኋላ በሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ማኅበር የጤና አስተማሪ ሆነ። የሳንባ ነቀርሳ የሚበረታው ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተፋፍጎ በሚያድርበት፣ ምግብ በጎደለበትና ሐኪም በሌለበት ቤት ነው። የጤና አስተማሪው ስለ በሽታው ሊያስተምር ሲነሣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ደመወዙና ስለ ፍሳሹ ጭምር መናገር ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ሮይባልና የሰፈሩ ሕዝብ የተዋወቁት በመድረክ ንግግር ሳይሆን በዚህ ሥራ ነው።

ሽንፈት ትምህርት ቤት ሲሆን

በ1947 ሮይባል ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደረ። ወዳጆቹ ተሰበሰቡ፣ በራሪ ወረቀት ተበተነ፣ ስብሰባም ተጠራ፤ ይሁን እንጂ ሦስተኛ ወጥቶ ተሸነፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የሰፈሩ ሠራተኛ ሕዝብ ብዙ ቢሆንም በመራጮች መዝገብ ላይ ስሙ አልሰፈረም። ከፊሉ ዜግነት አልነበረውም፤ ዜጋ የሆነውም መመዝገብን የባለጊዜዎች ጉዳይ አድርጎ ያየው ነበር።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ለትምህርታችን ዋናው ነው። በከበርቴው ምርጫ ልማድ የተሸነፈ ዕጩ ኮሚቴውን በትኖ ወደየቤቱ ይገባል። የሮይባል ደጋፊዎች ግን ስብሰባቸውን አላቋረጡም። ከዚያው ኮሚቴ ውስጥ የማኅበረሰብ አገልግሎት ድርጅት የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ከቺካጎ የሳውል አሊንስኪ የአደራጆች ተቋም የተላከው ፍሬድ ሮስም አብሯቸው ተሠማራ። የብረታ ብረትና የልብስ ስፌት ሠራተኞች፣ ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮችና የቤት እመቤቶች የማኅበሩ ጉልበት ሆኑ።

የአሠራራቸው ምሥጢር የተወሳሰበ አልነበረም። ሰዎች በየቤቱ ተሰብስበው ስለ መንገዱ መብራት፣ ስለ እግረኛ መተላለፊያው፣ ስለ ፍሳሹና ስለ ፖሊሱ ግፍ ይነጋገራሉ። ከዚያም አባላቱ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ከበር ወደ በር እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ይመዘግባሉ። ዜግነት ለሌላቸው አረጋውያን ትምህርት ይከፈታል። በዚህ ዓይነት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ አዳዲስ መራጮች ተመዘገቡ።

በ1949 ሮይባል እንደገና ሲወዳደር ከ20,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ ወንበሩን ለዓመታት ይዞ የቆየውን ተቀናቃኙን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሰውየው ያው ሰው፣ ሰፈሩም ያው ሰፈር ነበር። የተለወጠ ነገር ቢኖር ሕዝቡ መደራጀቱ ነው። የሜክሲኮ ተወላጆች በምርጫ ክልሉ ከግማሽ በታች ስለነበሩም ድሉ የአንድ ጎሣ ድል አልነበረም። ቦይል ሃይትስ ያሉ አይሁዶች፣ ጥቁሮችና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት በአንድነት የተቀዳጁት ድል ነው። ሕዝብን በዘር ከፋፍሎ መግዛት የለመደ ሥርዓት የሚፈራው እንዲህ ያለውን ኅብረት ነው።

ብቻዋን የተነሣች እጅ

ሮይባል ወደ ምክር ቤቱ ሲገባ ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቁት «ሜክሲካንኛ» የሚናገር የሜክሲኮ ሰው አድርገው ነበር። እርሱም አሜሪካዊ መሆኑን፣ የሚናገረው ቋንቋም ስፓኒሽ እንጂ «ሜክሲካንኛ» የሚባል ቋንቋ እንደሌለ በትሕትና አረማቸው። በዚያው ዓመት ቤት ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ለሜክሲኮ ተወላጅ እንደማይሸጥ ነገረው። ሕግ የሚያወጣው እጅ ቁልፍ መግዛት ተከለከለ ማለት ነው። ሮይባል በደሉን ለራሱ ብቻ መፍትሔ ፈልጎ አላለፈውም፤ ለአደባባይ አወጣው። ለምክር ቤት አባል በሩ ከተዘጋ ለተራው ሠራተኛማ እንዴት ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ከተማውን አነጋገረ።

በሥራ ቅጥር ላይ በዘር መለየትን የሚከለክል ደንብ እንዲወጣም ታገለ፤ ነገር ግን የአሠሪዎች ወገን በረታና ደንቡ ሳይጸድቅ ቀረ።

በ1950 ደግሞ ትልቁ ፈተና መጣ። የፀረ ኮሙኒዝም ዘመቻው በጋለበት በዚያ ወቅት ኮሙኒስቶች ሁሉ በፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ደንብ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ከአሥራ አምስቱ ወንበሮች መካከል ደንቡን በመቃወም የተነሣችው እጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም የሮይባል ነበረች። ኮሙኒስት ስለነበር አይደለም። ዛሬ በአስተሳሰቡ የሚመዘገብ ሰው ካለ፣ ነገ የሠራተኛ ማኅበር መሪውና የሰፈር አደራጁ እንደሚከተሉ ስለተረዳ ነው። ብዙዎች የፖለቲካ ሕይወቱ አበቃ አሉ። ሰፈሩ ግን በ1951 መልሶ መረጠው። ማኅበር ከበስተኋላው ያለው ተመራጭ የሚያገኘው ድፍረት እንዲህ ነው።

በ1951 የገና ዕለት ደግሞ የከተማው ፖሊሶች ሰባት እስረኞችን በጣቢያ ውስጥ ክፉኛ ቀጠቀጡ፤ ከሰባቱ አምስቱ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው አቤቱታ በመዝገብ ቤት አቧራ ይቀበር ነበር። አሁን ግን ማኅበሩ ምስክሮችን አሰባሰበ፣ ሮይባልም በምክር ቤቱ ጮኸ። በመጨረሻም ስምንት ፖሊሶች ተከስሰው አምስቱ ተፈረደባቸው።

የአንድ ወንበር ወሰን

ይሁንና እውነቱን መሸፋፈን የእኛ ልማድ አይደለም። አንድ ወንበር ብቻውን ሥርዓትን አይለውጥም። ለዚህም የቻቬዝ ራቪን ሰዎች ዕጣ ማስረጃ ነው።

ቻቬዝ ራቪን ከመሀል ከተማው አጠገብ ባሉ ኮረብቶች ላይ የሚገኙ ሦስት መንደሮችን ያቀፈ የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር ነበር። በ1950 ነዋሪዎቹ ቦታው ለሕዝብ መኖሪያ ቤቶች መሥሪያ እንደሚፈለግ፣ ቤቶቹ ሲያልቁም ቅድሚያ እንደሚሰጣቸው ተነግሯቸው እንዲለቁ ተደረገ። ሮይባል የሕዝብ መኖሪያ ቤቶችን ዕቅድ የደገፈው ለድሃው ቤት ያስገኛል ብሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ የመሬትና የቤት ነጋዴዎች «ሶሻሊዝም መጣባችሁ!» እያሉ ጮኹና ዕቅዱን አስሰረዙት። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ሕዝብ የተነሣበት መሬት ባዶውን ቀረ። በ1957 ይኸው መሬት ዶጀርስ ለተባለው የቤዝቦል ቡድን ባለቤት ስታዲየም መሥሪያ እንዲሰጥ ውል ተደረገ። ለሠራተኛ ቤት ሲሠራ ሶሻሊዝም ተብሎ የተወገዘው፣ ለከበርቴ ሲሰጥ ልማት ተባለ!

ሮይባል ውሉን ተቃወመ፤ ነገር ግን በድምፅ ተሸነፈ። በግንቦት 1959 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በሸሪፍ ፖሊሶች ተጎትተው ከቤታቸው ወጡ፤ አንዲት ሴት እጅና እግሯን ተይዛ ደረጃውን ስትወርድ አገር በቴሌቪዥን ተመለከተ። ስታዲየሙም በ1962 ተመረቀ።

በዚያው በ1962 ሮይባል ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመርጦ እስከ 1993 ለሠላሳ ዓመታት አገለገለ። በ1968 ለጸደቀው በሁለት ቋንቋ የማስተማር ሕግ ከታገሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። እንከን አልነበረውም ግን አንልም። በ1978 ከአንድ የደቡብ ኮሪያ ነጋዴ የተቀበለውን ገንዘብ ባለማሳወቁና ስለዚሁም እውነቱን ባለመናገሩ ምክር ቤቱ በይፋ ገሥጾታል። ከሕዝቡ ደጃፍ ወደ ሩቁ ዋና ከተማ የሄደ ተመራጭ ለእንዲህ ያለው ስሕተት ምን ያህል እንደሚጋለጥ ከዚህ እንማራለን።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ሐቅ አለ። ሮይባል ከከተማው ምክር ቤት ከወጣ በኋላ እስከ 1985 ድረስ፣ ለሃያ ሦስት ዓመታት ያህል፣ ከዚያ ሕዝብ አንድም ተወካይ በምክር ቤቱ አልተቀመጠም። የምርጫ ክልሎቹ ድንበር በማኅበረሰቡ ላይ ተሰምሮ፣ የማኅበሩም ጉልበት በከተማው ውስጥ ላልቶ ነበርና። ሆኖም ዘሩ አልጠፋም። ይኸው ማኅበር በ1950ዎቹ ሴዛር ቻቬዝንና ዶሎሬስ ሁኤርታን አደራጅነት ያስተማረ ሲሆን፣ እነርሱም በኋላ የካሊፎርኒያን የእርሻ ሠራተኞች በማኅበር አሰባስበዋል።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ማኅበር የምርጫ ሰሞን ድንኳን አይደለም። በ1947 ተሸንፎ የተበተነ ኮሚቴ ቢሆን ኖሮ የ1949 ድል ባልተገኘ ነበር። ሁለተኛ፣ የማኅበር ኃይል የሚመነጨው ከትልልቅ መፈክሮች ብቻ ሳይሆን ከመንገድ መብራት፣ ከፍሳሽና ከመዝገብ ሥራ ነው። ጎረቤቱን በስሙ የማያውቅ አባል ሰፈሩን ሊያደራጅ አይችልም። ሦስተኛ፣ ተመራጭ የሚፈተነው ሁሉም በሚያጨበጭብበት ቀን ሳይሆን ብቻውን እጁን በሚያነሣበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ከኋላው መቆም ግን የማኅበሩ ግዴታ ነው። አራተኛ፣ ተመራጭን መደገፍና ተመራጭን መቆጣጠር አንድ ሥራ ናቸው።

ሮይባል በ2005 ዐርፏል። ስሙ በሕንፃዎችና በአደባባዮች ላይ ተጽፏል። እኛ ግን ከስሙ ይልቅ፣ ቀኑን ሙሉ በብረት ፋብሪካና በስፌት መኪና ላይ ሲደክሙ ውለው ማታ መዝገብ ታቅፈው የጎረቤት በር ያንኳኩትን ስማቸው ያልተጻፈ ወንዶችና ሴቶች እናስባለን። ወንበሩን ያቆሙት እነርሱ ናቸውና። በየሰፈሩና በየፋብሪካው ያለን የማኅበር አባላትም በቀጣዩ ስብሰባችን ተመራጩን ምን ሠራህ ብለን ከመጠየቃችን አስቀድሞ፣ እኛስ የስንት ጎረቤት በር አንኳኳን? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።