አኒሜ ድሬ ላይ ለምን ያጨቃጭቃል?

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሙቀቱን ሸሽታ ቤቷ ትገባለች። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ትልልቆቹ ጋደም ይላሉ ወይም በርጫ ይይዛሉ፣ ሪሞቱ ልጆች እጅ ይወድቃል። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ መጋላም ሆነ ገንደ ቆሬ፣ ዲሹ ከሚስባቸው ጣቢያዎች መካከል ልጆች የሚያዘወትሩት የዓረብኛ የልጆች ጣቢያዎችን ነው፤ እዚያ ከሚታየውም ብዙው ጃፓን ውስጥ የተሳለ፣ አኒሜ የሚባለው ነው። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ጭቅጭቁ ይነሳል። ታላቅ ወንድም «ያደግንበት እኮ ነው» ይላል። እናት «ከጩኸትና ከድብድብ በቀር ምን አለው?» ትላለች። ካርቱን የሕፃን ነገር ነው ብሎ የሚያምን አባት ደግሞ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጁ ስልክ ላይ አፍጥጦ ሲያይ ግራ ይገባዋል።

አኒሜን የማይወዱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ምክንያት አይደለም የማይወዱት። ሥዕሉ የማይጥመው አለ፤ ድምፁ የሚያውከው አለ፤ ይዘቱን የሚፈራ አለ። እኔ እንደማየው ግን ድሬ ላይ ነገሩን ያባባሰው አኒሜ ወደ ከተማዋ በሁለት የተለያዩ መንገዶች መግባቱ ነው። መጀመሪያ በዲሽ መጣ፣ ተቆርጦና ተስተካክሎ። ኋላ በፍላሽና በቴሌግራም መጣ፣ እንደተሠራ። በመጀመሪያው ተማምነው ልጆቻቸውን የለቀቁ ወላጆች በሁለተኛው ደነገጡ።

በዓረቡ ዓለም የጃፓን ሥዕል ፊልም ስሙ የገነነው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሊባኖስ ውስጥ በዓረብኛ ድምፅ በተሠራው «ግሬንዳይዘር» ነው። ሃያኦ ሚያዛኪ በ1978 የሠራው ተከታታይ ደግሞ «አድናንና ሊና» የሚል የዓረብኛ ስም ወጥቶለት በየቤቱ ገባ። ስፔስቱን የተባለው ጣቢያ በ2000፣ ኤምቢሲ 3 በ2004 ሲከፈቱ ነገሩ የየቀኑ ሆነ። ደማስቆ ላይ ድምፁን የሚሠሩት ሰዎች መቀስም ይዘው ነበር። የወይን ብርጭቆ ጭማቂ ይሆናል፣ ፍቅረኛሞች ዘመዳሞች ይሆናሉ፣ አጭር ቀሚስ የሚታይበት ትዕይንት ይዘለላል። ቁርኣን ቤት ፊደል የቆጠረ፣ የመን ወይም ጅቡቲ ዘመድ ያለው የድሬ ልጅ ቋንቋውን ለመልመድ ብዙም አይቸገርም። ዓረብኛ ፈጽሞ የማያውቀውም ቢሆን «ካፒቴን ማጂድ» በተባለው የእግር ኳስ ተከታታይ መደሰቱ አልቀረም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰለቸው በዚሁ «ካፒቴን ማጂድ» ነው። ተጫዋቹ ኳሷን ይዞ ይሮጣል፤ ሜዳው አያልቅም፣ እንደ ኮረብታ ጎብጦ ግቡ ከሩቅ ብቅ ይላል። ኳሷ ከእግሩ ከተነሳች በኋላ አየር ላይ እያለች ልጅነቱን ያስታውሳል፣ በረኛው ያስባል፣ ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ግቡ ይቆጠር አይቆጠር ለነገ ይቀጠራል። እሑድ ድሬዳዋ ከነማን ስታዲየም ገብቶ የሚያይ ሰው ይህን ኳስ ነው ብሎ መቀበል ቢያቅተው አይፈረድበትም።

ምክንያቱ ግን ያሠራሩ ታሪክ ውስጥ አለ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ የዲዝኒ ሠዓሊዎች ለዚያ 12፣ አንዳንዴም 24 ሥዕል ይስሉ ነበር። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «አስትሮ ቦይ»ን በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ሲያቀርብ ለዚያ የሚሆን ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም። በሰከንድ ወደ 8 ሥዕል ወረደ። ፊቱ ቆሞ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ በቆመ ሥዕል ላይ ካሜራው ይንሸራተታል፣ አንዴ የተሳለ ሩጫ ደጋግሞ ይመጣል። በድህነት የተጀመረው ዘዴ የሙያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ቴዙካ ከድሮ የአሜሪካ ካርቱኖች ወስዶ ያሰፋቸው ትልልቅ ዓይኖችም እንደዚሁ። «እነዚህ ፈረንጅ ናቸው ወይስ ጃፓን?» የሚለው የአያቶች ጥያቄ መነሻው እዚህ ነው።

ርዝመቱም ብዙዎችን ያሸሻል። «ናሩቶ» በመጀመሪያው ዙር 220፣ በሁለተኛው 500 ክፍል አለው። ታሪኩ በየሳምንቱ ከሚታተም የሥዕል መጽሔት የተቀዳ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ መጽሔቱን እንዳይቀድም መሐል ላይ ከዋናው ታሪክ ጋር የማይገናኙ ክፍሎች ይጨመሩበታል። የሚወዱት እንኳ እነዚህን ክፍሎች ዘለው ነው የሚያዩት።

እስካሁን ያነሳሁት የጣዕም ጉዳይ ነው፤ በጣዕም ደግሞ ማንም ማንንም ማስገደድ አይችልም። የከበደው ነገር የመጣው በፍላሽ ነው። ፊልም የሚጭኑት ሱቆች ገንዘብ ተቀብለው ፍላሹን ይሞላሉ፤ ቴሌግራም ደግሞ ያንኑ በነፃ ያደርሳል። አንድ ፎልደር ውስጥ «ናሩቶ» አለ፤ ከሥሩ ግዙፍ ፍጡራን ሰው የሚበሉበት «አታክ ኦን ታይታን» አለ፤ ቀጥሎ ተማሪ ስም በመጻፍ ሰው የሚገድልበት «ዴዝ ኖት» አለ። ጃፓን ውስጥ የሥዕል ታሪኮች የሚወጡባቸው መጽሔቶች ለወንድ ልጆች፣ ለሴት ልጆች፣ ለጎልማሶች ተብለው የተለዩ ናቸው፤ ገዢው መደርደሪያውን አይቶ ያውቃል። ፋይሉ ድሬ ሲደርስ ያ መለያ የለም። የቀረው የፊልሙ ስምና የክፍሉ ቁጥር ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የሴት ልጆች አካል አሳሳል አለ። ተማሪ የሆነች፣ ዕድሜዋ ከአሥራዎቹ ያላለፈ ገጸ ባሕርይ ያለምንም የታሪክ ምክንያት ልብሷ ሲገለጥ፣ ካሜራው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የሚያሳዩ አኒሜዎች ጥቂት አይደሉም። ይህን አይታ ቴሌቪዥኑን ያጠፋችን እናት ኋላ ቀር የሚላት ሰው ተሳስቷል። ከሚነሱት ቅሬታዎች ሁሉ የማያሻማ እውነት ያለው ይኸኛው ነው፤ የአኒሜ ወዳጆችም ከሌሎቹ ቀድመው ሊያነሱት ይገባ ነበር።

የሃይማኖቱ ስጋት ትንሽ ይለያል። መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ቤተሰብ አጋንንት፣ ባለ ዘጠኝ ጅራት ቀበሮ፣ ብዙ አማልክት ሲያይ ይደነግጣል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ሳዑዲ ዓረቢያ ፖኬሞንን በሃይማኖታዊ ብይን ስትከለክል ወሬው በመላው የዓረብኛ ተናጋሪ ዓለም ተሰራጭቷል። በጃፓን የሺንቶ እምነት ወንዝና ዛፍ፣ ተራራና ቀበሮ መንፈስ አላቸው፤ ደራሲዎቹም ከአያቶቻቸው ተረት ቀድተው ነው የጻፉት። እኛም በተረታችን ውስጥ ጅብ ሲናገር፣ ቡዳ ሲበላ ሰምተን አድገናል። ይህ ማለት ግን አማኝ ወላጅ ለልጁ «ይህ የእነሱ ተረት ነው፣ የእኛ እምነት አይደለም» ብሎ አያስረዳ ማለት አይደለም። ማስረዳት ከመከልከል የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

«ዓይን ያጠፋል» የሚለው ስጋትም ከባዶ አልተነሳም። በዲሴምበር 1997 (እ.ኤ.አ.) በፖኬሞን አንድ ክፍል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲብለጨለጭ 685 ገደማ ጃፓናውያን፣ በብዛት ልጆች፣ ሆስፒታል ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎቹ ብልጭታውን የሚገድብ ደንብ አወጡ።

ጭቅጭቁ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ጣሊያን ውስጥ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ኢሞላ በተባለች ከተማ 600 ወላጆች የጃፓን ሮቦቶች ከቴሌቪዥን ይነሱ ብለው ተነሱ። ፈረንሳይ ውስጥ ፖለቲከኛዋ ሴጎሌን ሮያል በ1989 የጃፓን ሥዕል ፊልሞችን የሚያወግዝ መጽሐፍ ጻፉ። የዚያን ጊዜው የፈረንሳይ ችግር ከድሬው ጋር ይመሳሰላል፤ ለጎልማሳ የተሠራ ደም ያለበት ተከታታይ፣ ሥዕል ስለሆነ ብቻ፣ በልጆች ሰዓት ይታይ ነበር። ዛሬ ፈረንሳይ ከጃፓን ውጭ የጃፓን የሥዕል መጻሕፍት በብዛት ከሚሸጡባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ደግሞ የኛ ሰው ጃፓንን አይጠላም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በዚያው ዘመን በጅቡቲ ባቡር በድሬዳዋ በኩል ይገባ ከነበረው ጨርቅ ብዙው የጃፓን ነበር። አድናቆቱ የቆየ ነው።

የጎደለው በራሳችን አፍ መስማት ነው። አኒሜ ድሬ ላይ በዓረብኛ፣ ወይም በጃፓንኛ ድምፅና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታያል። አያት የምትሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደሚጮኽ የሚነግራት የለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የጥበብ ባለሙያ ማኅበራት የአገር ውስጥ ሥራን ይገድላል ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። ስጋታቸው ይገባኛል። ቢሆንም ያ ድራማ በአማርኛ በመሠራቱ እናቶች ስለ ገጸ ባሕርያቱ ጥፋትና ልማት ከልጆቻቸው ጋር መከራከር ችለዋል። ድሬ ላይ ደግሞ አማርኛ ብቻውን አይበቃም፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛም ያስፈልጋሉ።

«ልጆቻችን የራሳቸውን ተረት ሳያውቁ የሰው ተረት ይሸመድዳሉ» የሚለው ወቀሳም መልስ የሚያገኘው በሥራ ነው። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አውርተዋል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ በሚካሄደው የትምህርት ፕሮግራሞች ውድድር ተሸልማለች። እሷን ያዘጋጀው ድርጅት ኋላ «ጥበብ ገርልስ»ን በሥዕል ሠርቷል። የጎደለው ብዛቱ ነው። በሳምንት አንድ አጭር ዝግጅት ቀን ተሌት ከሚሠራ የዓረብኛ ጣቢያ ጋር መወዳደር አይችልም።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ልጆችን የሚጠብቅ ድንጋጌ ቢኖረውም ከውጭ ሳተላይት በዲሽ የሚወርደውን አይቆጣጠርም። የሪሲቨሩ መቆለፊያም ጣቢያውን እንዳለ ይዘጋል እንጂ ፊልም አይለይም፤ ፍላሹን ደግሞ አይነካውም። ስለዚህ ድሬ ላይ ልጅ ምን እንደሚያይ አሁን የሚወስነው ባለሥልጣን ወይም ጣቢያ ሳይሆን ፍላሹን የሚሞላው የሱቅ ልጅ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ የአኒሜ ወዳጅ ነው፤ የትኛው ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። ወላጅ ፍላሹን ለልጁ ሰጥቶ ከመላክ ራሱ ይዞ ሄዶ ቢጠይቀው ለይቶ ይጭንለታል። ለአሥር ዓመት ልጅ ብትሉት «ጎረቤቴ ቶቶሮ»ን ይሰጣችኋል፤ 1988 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው፣ ድብድብ የለበትም፣ እናታቸው ሆስፒታል የተኛችባቸው ሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው።