በደሴት መንገድ ላይ ቅድሚያው የማን ነው?

ማኅበራችን አባሎቹን ይዞ ወደ ማርማራ ባሕር ደሴቶች በወጣ ቁጥር መርከቡ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። አዲስ የመጣው ተማሪ «በፎቶግራፍ ያየናቸው ጋሪዎች የት ደረሱ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወሬው ከፈረስ ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ይዘዋወርና በመጨረሻ «ለመሆኑ መንገዱ የማን ነው?» ወደሚለው ይደርሳል። ጥያቄው የሽርሽር ጥያቄ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ ጠባብ የሆነን የጋራ ሀብት ብዙ ሰው እንዴት ይጠቀምበት የሚል ጥያቄ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ቡዩክአዳ የሚባለውን ደሴት ምሳሌ አድርገን፣ የመናፈሻ መንገድ እንዴት እንደሚበላሽ፣ እንዴት እንደሚጠገንና በልዩ ልዩ ተጠቃሚዎች መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ለማብራራት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቡዩክአዳ ማለት በቱርክኛ «ትልቁ ደሴት» ማለት ነው። ትልቅነቱ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲወዳደር ነው እንጂ ስፋቱ ከ5 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። በደሴቱ ላይ ሁለት ኮረብቶች አሉ። የደቡቡ ኮረብታ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አያ ዮርጊ የሚባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው። በሁለቱ ኮረብቶች መካከል ባለው ዝቅ ያለ ቦታ አንድ አደባባይ አለ። ከወደቡ ተነሥተው በደሴቱ ዙሪያ የሚሄዱት ሁለት መንገዶች «ትልቁ ዙር» እና «ትንሹ ዙር» ይባላሉ፤ ስማቸው ከጋሪው ዘመን የቀረ ነው። ከእነዚህ መንገዶች ወደ ፓይን ደኑ የሚገቡ ብዙ ጥርጊያ መንገዶች አሉ። ደሴቶቹ ከ1984 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሥፍራ ናቸው። የግል መኪናም አይነዳባቸውም፤ የሚፈቀደው ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋ፣ ለፖሊስና ለማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። (በነገራችን ላይ ትሮትስኪ ከ1929 እስከ 1933 በስደት የኖረው በዚሁ ደሴት ነበር። ከእኛ በፊት የነበረው የተማሪ ትውልድ እዚህ ቢመጣ ኖሮ ሽርሽሩ ወዲያው ወደ ስብሰባ ይለወጥ ነበር።)

መኪና ከሌለ ሰላም አለ ብሎ መደምደም አይቻልም። መኪና በሌለበት ደሴት ላይ እግረኛው፣ ብስክሌተኛውና ጋሪው አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የእያንዳንዳቸው ፍጥነት፣ ክብደትና ፍላጎት የተለያየ ነው። ቅራኔው የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ስለ ፈረሶቹ

ቱርኮች ፋይቶን የሚሉት ጋሪ በሁለት ፈረሶች የሚጎተት፣ አራት እግር ያለው ሠረገላ ነበር። ባሕር ዳር ወይም ቢሾፍቱ ያደገ አንባቢ የባለጋሪን ኑሮ ስለሚያውቅ ብዙ ማብራራት አያሻም። ልዩነቱ የቡዩክአዳ ባለጋሪ በበጋ ቅዳሜና እሑድ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጎብኚ ከመርከብ እየተቀበለ ዳገት ቁልቁለት ማመላለሱ ነበር። ፈረሶቹ በሙቀት ይደክሙ፣ በተዳፋቱ ላይም ይወድቁ ነበር። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ለብዙ ዓመታት ተቃውሞ ሲያሰሙ ኖረዋል። ባለጋሪዎቹ በበኩላቸው የልጆቻችንን እንጀራ አትንኩብን ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ነገሩን የቆረጠው ግን ክርክሩ ሳይሆን በሽታ ነው።

በሽታው በቱርክኛ ሩአም፣ በሕክምና መጻሕፍት ግላንደርስ ይባላል። የሚያመጣው ቡርኮልዴሪያ ማሌይ የተሰኘ ባክቴሪያ ሲሆን ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ያጠቃል። ከአፍንጫ የሚወርድ መግል፣ በሳንባ ውስጥ የሚፈጠር እባጭ፣ በቆዳ ላይ የሊምፍን መስመር ተከትሎ የሚፈርጥ ቁስል ምልክቶቹ ናቸው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በዋነኛነት የሚተላለፈው በጋራ የውሃ ገንዳና በጋራ መኖ ነው። ወደ ሰውም ይሻገራል፤ በተጫጫረ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍንጫ ስስ ሽፋን ወይም በትንፋሽ ይገባል። ክትባት የለውም። የተያዘ ሰው ለረጅም ጊዜ በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይታከማል፤ ሳይታከም ወደ ደም ከገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ፈረስን ማከም አይፈቀድም፤ በሽታው በምርመራ ከተረጋገጠ ይወገዳል። በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታየው ኤፒዞቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው በሽታ ለዓይን ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ መንሥኤው ግን ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው። በዓይን ብቻ አይቶ ይህ ነው ማለት ስለማይቻል ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። አገር ቤት ስንመለስ ይህን ማወቁ ለእንስሳት ሐኪሞች ብቻ የሚተው አይመስለንም።

በታኅሣሥ 2019 በደሴቶቹ ፈረሶች ላይ ግላንደርስ መገኘቱ ሲታወቅ የኢስታንቡል አገረ ገዢ ጋሪዎቹን ለሦስት ወር አገደ። መቶ ያህል ፈረሶች ተወገዱ። በ2020 የከተማው ማዘጋጃ ቤት 277 ጋሪዎችንና ከአንድ ሺህ በላይ ፈረሶችን ከባለንብረቶቹ ገዛ፤ ጋሪም በዚያው ቀረ። በሰኔ 2020 በቦታቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ገቡ።

በእኛ አስተያየት ከጤና አንፃር ውሳኔው ትክክል ነበር። በአንድ ገንዳ ከአንድ ሺህ በላይ ፈረስ እየጠጣ በበሽታው መካከል ሥራው ይቀጥል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፈረሱ ሲወጣ ቅራኔው አብሮት አልወጣም። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ስለሌለው ከኋላ መምጣቱ አይሰማም። ከዚህም ሌላ ሽማግሌው ነዋሪ ከገበያ ወደ ቤቱ ለመድረስ መኪናው ያስፈልገዋል፤ በበዓል ቀን ግን ወንበሩን የሚይዘው ጎብኚው ነው። በ2024 ተለቅ ያሉ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሲመጡ ነዋሪዎች መንገድ ላይ ወጥተው ተቃወሙ። የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ መኪናው እንደ መንገዱ ስፋት ይመረጥ እንጂ መንገዱ በመኪናው ልክ አይስፋ። እኛም በዚህ እንስማማለን። ጠባብ መንገድ አንዴ ከሰፋ ተመልሶ አይጠብም፤ ፍጥነትም አብሮ ይጨምራል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። በከባድ የተጎዳ ሰው ደግሞ በባሕር አምቡላንስ ወደ ዋናው ምድር ነው የሚወሰደው።

ስለ ውሃ

የደኑን ጥርጊያ የሚያበላሸው የእግር ብዛት ብቻ ይመስለናል። እግር ያስጀምረዋል፤ አብዛኛውን ጥፋት የሚያደርሰው ግን ዝናብ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እግር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ሣሩን ይገድለዋል። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አይመጥም። ቀስ በቀስ የመንገዱ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይልና መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። ከዚያ የኢስታንቡል የበልግና የክረምት ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዚያ ቦይ ቁልቁል እየሮጠ ይቦረቡረዋል፤ የፓይኑ ሥር ይጋለጣል። ተጓዡ ጉድጓዱንና ሥሩን ለመሸሽ በዳር በዳር ይሄዳል፤ በዳር ያለው ሣርም ይሞታል፤ መንገዱ ይሰፋል። አንድ ሜትር የነበረው ጥርጊያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ሜትር ሊሆን ይችላል።

የተጠቃሚው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የፈረስ ኮቴ ብዙ ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ አፈሩን ይፈነቅላል። የብስክሌት ጎማ ደግሞ ያልተቋረጠ መሥመር ያወጣል፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሲንሸራተት ለውሃ የተዘጋጀ ቦይ ይቆፍራል። እግረኛው ከሁሉ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ሆኖም አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ እርሱም አቋራጭ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ የተሠራው ዳገቱን ለማለዘብና ውሃውን ለመበተን ነው። አንድ ሰው እጥፋቱን ቆርጦ በቀጥታ ሲወርድ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃውም ይከተላቸዋል።

ጥገናው ረቂቅ አይደለም። መሠረተ ሐሳቡ ውሃውን ከመንገዱ ላይ ቶሎ ማስወጣት ነው። የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ ጎን ትንሽ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ውሃው መንገዱን ተከትሎ ሳይሮጥ በአግድም ተሻግሮ ይሄዳል። ይህ በማይሆንበት ቦታ ድንጋይ ወይም ግንድ በሰያፍ ተቀብሮ ውሃውን ወደ ጎን ያስወጣል። በአግድም ቀጥ ብሎ ከተቀበረ ግን ውሃው ከኋላው ይጠራቀምና ዘሎት ይሄዳል። ከዝናብ በኋላም ከድንጋዩ ጀርባ የተከማቸውን ደለል በአካፋ መጥረግ የግድ ነው፤ ብዙ ቦታ ሥራው ከንቱ የሚሆነው ይህ ስለሚረሳ ነው። መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ልክም አለ። የጥርጊያው ዳገት ከኮረብታው ጎን ተዳፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ኮረብታው 20 በመቶ ቢያዘቀዝቅ መንገዱ ከ10 በመቶ አይለፍ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃው በጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ወደ አያ ዮርጊ የሚወጣው ዳገት እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ አፈር አይችለውም፤ ድንጋይ ተነጥፎበታል።

የመንገዱ ጥገና የአስተዳደሩ ሥራ ስለሆነ ማኅበራችን ዶማ ይዞ ሄዶ ይቆፍር ለማለት አይደለም። ሥፍራው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንጋይ ማንሣትም አይቻልም። በበጋ የእሳት አደጋ ሲያይል ወደ ደን መግባት ጭራሹን የሚከለከልበት ጊዜ አለና ከጉዞ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቅድሚያ

በጋራ ጥርጊያ ላይ በብዙ አገር የተለመደው ደንብ አጭር ነው። ብስክሌተኛው ለእግረኛው ይለቃል፤ ሁለቱም ለፈረስ ይለቃሉ። ቁልቁል የሚወርደው ሽቅብ ለሚወጣው ያሳልፋል፤ ሽቅብ የሚወጣው አንዴ ከቆመ እንደገና መነሣት ይከብደዋልና። በዳገት ጎን ላይ ፈረስ ወይም በቅሎ የገጠመው ሰው ወደ ቁልቁለቱ በኩል ዞር ብሎ ረጋ ባለ ድምፅ ቢናገር ጥሩ ነው፤ እንስሳው ሰው መሆኑን ይለያል፤ ቢደነግጥም ወደ ላይ እንጂ ወደ ገደሉ አይሸሽም። ይህ በቡዩክአዳ ዛሬ ባያስፈልግም ሰሜን ተራራ ላይ ያስፈልጋል። ቡድን ሆኖ የሚሄድ ደግሞ በጥርጊያው ላይ በሰልፍ ይሂድ፤ ብስክሌት የሚከራየው በደረጃው ሜዳ ሳለ ፍሬኑን ይፈትሽ።

ከሁሉ ይልቅ የመንገዱ ሸክም የሚከብደው ኤፕሪል 23 እና ሴፕቴምበር 24 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ምእመን ወደ አያ ዮርጊ ይወጣል፤ አብዛኛው እስላም ነው። አንዳንዱ ጫማውን አውልቆ ይወጣል። ሌላው ከታች ጀምሮ የክር ጥቅል እየፈታ ይሄዳል፤ ክሩ ሳይበጠስ ከላይ ከደረሰ ስእለቱ ይሰምራል ይባላል። እኛ የጊዮርጊስን በዓል በሚያዝያ 23 የምናከብር ሰዎች ቁጥሩ አንድ ሆኖ ብናይ ይገርመናል፤ የኛው ግን በነሱ አቆጣጠር ሜይ 1 ላይ ነው የሚውለው። እምነቱን አንተችም። ሆኖም ምእመናን ከሄዱ በኋላ ክሩ በቁጥቋጦው ላይ ተጠላልፎ ይቀራል፤ ከናይሎን የተሠራው አይበሰብስም፤ በወፍ እግርና በብስክሌት ሰንሰለት ላይ ይጠመጠማል። የጥጥ ክር ቢሆን፣ ሲመለሱም ቢጠቀልሉት ስእለቱን የሚከለክል አይመስለንም።

በጎረቤቱ ደሴት በሔይቤሊአዳ ከ1924 እስከ 2005 የሳንባ ነቀርሳ ሳናቶሪየም ነበር። መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት በነበረው ዘመን የሳናቶሪየም ሕክምና ዕረፍት፣ ምግብ፣ ንጹሕ አየርና እየተለካ የሚጨመር የእግር ጉዞ ነበር። እንጦጦ ላይ ያለውን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። ለሕሙማን ሲባል ዝግ ብሎ የሚሄድ ሰው የመንገዱ ጌታ የነበረበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ልማድ ይህን አንዱን ብቻ ብንወርስ አንጠላም።

ለሚቀጥለው ጉዞ አንድ የጤና ማሳሰቢያ ይቀረናል። በክረምት መጨረሻና በጸደይ መግቢያ በሰልፍ የሚሄዱ አባጨጓሬዎች ከፓይን ዛፍ ላይ ወርደው ጥርጊያውን ያቋርጣሉ። ፀጉራቸው ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንን ያቆስላል፣ አስም ያለበትንም ያስቸግራል። በእጅም በእንጨትም አይነኩ፤ በዛፉ ላይ ነጭ ከረጢት የሚመስለው ጎጇቸው ሥር አይቀመጡ። ቆዳ ላይ ያረፈው ፀጉር ሳይታሽ በማጣበቂያ ፕላስተር ተለጥፎ ይነሣና ቦታው በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ዓይን ውስጥ የገባበት ሰው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።