የአዋሽ ተፋሰስ፦ ሐዲድ፣ ምሣር፣ ማሳና ግድብ

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመሆኑም በላይኛው ተፋሰስ የሚፈጸመው ሁሉ ዳፋው ለታችኛው ይተርፋል።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብም ተደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከመዛወር ቢያድናትም፣ የተራቆተውን ተዳፋት ወደ ቀድሞ ደንነቱ አልመለሰውም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ሸለቆውን ከወደብና ከገበያ ጋር አገናኘ። ሐዲዱና በኋላ የተሠራው አውራ ጎዳና የሸለቆውን ምርት ወደ ከተሞችና ወደ ውጭ ለመጫን አመቹ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ጀመረ። በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ከማመንጨቱ ባሻገር፣ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ስለሚለቅ ለመስኖ አስተማማኝ ፍሰት አስገኘ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በመተሐራ ሸንኮራ አገዳ፣ በመካከለኛው አዋሽና በተንዳሆ ጥጥ ተስፋፋ።

ለዕቅድ አውጪዎች ጎርፍ አደጋና ብክነት ነበር። ለአፋርና ለከረዩ አርብቶ አደሮች ግን ጎርፉ ሲሸሽ የሚተወው ርጥበት የበጋ ግጦሽ ነበር። የወንዙ ዳርቻ ከሸለቆው ስፋት ጥቂቱን ብቻ ቢይዝም፣ ከብቱ ደረቁን ወቅት የሚሻገረው በእርሱ ነው። ስለዚህ ለእርሻ የተወሰደው መሬት በሄክታር ብቻ አይለካም፤ ዳርቻው ሲታጠር በዙሪያው ያለው ሰፊ ደረቅ መሬትም ጥቅሙ ያንሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ፣ መሸሻቸው የጠበበባቸው አፋሮች መንጋቸውን አጥተው ብዙዎቹ በረኃብ አለቁ።

እርሻውና ግድቡም ከዳፋው አላመለጡም። ከተራቆተውና ያለ ዕረፍት ከሚታረሰው ደጋ የታጠበው ደለል የቆቃን ማጠራቀሚያ እየሞላ ውሃ የመያዝ አቅሙን ቀነሰ። በመካከለኛው አዋሽ በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖር የተለቀቀው የመስኖ ውሃ ጨው ወደ ላይ አውጥቶ ማሳዎችን አስጣለ። በተጣሉት ማሳዎችና በቀረው ግጦሽ ላይም አፈር ለመጠበቅ ከውጭ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ተንሰራፋ።

ለደኑ፣ ለእርሻው፣ ለኃይሉና ለግጦሹ ለየብቻ የሚዘጋጅ ጥናት ይህን ሰንሰለት ሊያሳይ አይችልም። የተፋሰስ ጥናት የውሃውን መጠን ከመለካት ጋር፣ ውሃው በየትኛው ወቅት፣ በየትኛው መሬት ላይና ለማን ይደርስ እንደ ነበር መመርመር ይኖርበታል።